ሁለተኛውን ጥያቄ የምትመርጪው አንቺ ነሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ በአንድ መካከለኛ የንግድ ድርጅት ውስጥ ለአራት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ከዚያ እናቴ ስለ ታመመችብኝ ሥራዬን ለቅቄ ሁለት ዓመት እሷን ሳስታምም ቆየሁ፤ አሁን ድናለች። በቅርቡ ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ሦስቱም ጋ የወደቅኩት መጀመሪያው ላይ ይመስለኛል። ‹እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን› ሲሉኝ፣ በመጀመሪያው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሬ ሁሉንም ዘረዘርኩ። በሁለተኛው በቃሌ ያጠናሁት መሃሉ ላይ ጠፋብኝ። በሦስተኛው ፈርቼ ስሜንና የተመረቅኩበትን ብቻ ተናግሬ ዝም አልኩ። ሥራውን እችለዋለሁ። እንዲያውም ያልታረቀ የ14 ወር የባንክ ሒሳብ ተረክቤ በአምስት ወር አጠናቅቄዋለሁ፤ ግን ይህን መናገር ጉራ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ወር ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት እፈተናለሁ። ራሴን እንዴት ላስተዋውቅ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የታየኝ ከብዙ ሰው የምሰማው ስጋት ነበር። በሁለተኛው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ የ14 ወሩ የባንክ ሒሳብ ላይ። አንቺ «ጉራ ይመስለኛል» ብለሽ ደብዳቤው መጨረሻ አካባቢ ሸጉጠሽዋል። የምትፈልጊው መልስም የተሸጎጠው እዚያው ነው፤ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ላሳይሽ፤ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ በኩል ተቀምጫለሁና።

በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ሦስት ሰዎች ቀና ብለው ያዩሻል። ለአንቺ ሦስት ዳኞች ይመስሉሻል። እውነቱን ልንገርሽ፤ አንዱ ከተቆለሉት ማመልከቻዎች መካከል የአንቺን እየፈለገ ነው። ሁለተኛው ከአንቺ በፊት ለወጣው ሰው የሰጠውን ነጥብ ደምሮ አልጨረሰም። ሦስተኛው ሲቪሽን ትናንት ማታ አንብቦታል፤ ግን ከሌሎች ሰባት ሰዎች ሲቪ ጋር ስላነበበው የትኛው የአንቺ እንደሆነ ተደበላልቆበታል። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን» ይላል። በጥያቄው ውስጥ የተደበቀ ወጥመድ ስትፈልጊ ከርመሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብዙ ጊዜ እኛ ወረቀታችንን እስክናስተካክል አንቺ እንድትናገሪ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ዋጋ የለውም? አለው እንጂ። ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ እስክሪብቶ ይዘን የምናደምጥሽ አንድ ነገር ፍለጋ ነው፦ ቀጥሎ ምን እንጠይቃት? አንቺ ስትናገሪ እኔ ሲቪሽ ዳር ላይ ሁለት ሦስት ቃል እጭራለሁ፤ አንዱን እከበዋለሁ። የከበብኩት ቃል ሁለተኛው ጥያቄዬ ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን ይወልዳል። ስለዚህ ራስሽን በምታስተዋውቂበት በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ የቀሪውን ግማሽ ሰዓት ርዕስ እየመረጥሽ ነው። ምርጫው በእጅሽ የሚሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንቺ መላሽ ነሽ።

አንድ ነገር ልለይልሽ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ይጽፍና ለሁሉም ተፈታኝ በአንድ ቅደም ተከተል አቅርቦ ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ይሰጣል። ይህ አሠራር ያለ ምክንያት አልመጣም። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው ባሳተሙት ሥራ፣ እንዲህ የተደራጀ ቃለ መጠይቅ እንደ አመጣጡ ከሚካሄደው ይልቅ አንድ ሰው በኋላ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ለመገመት የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። እንዲህ ያለ ቦታ ከገጠመሽ ሁለተኛው ጥያቄ ታትሞ ይጠብቅሻል፤ መግቢያሽም ጭራሽ ነጥብ ላይሰጠው ይችላል። ያም ሆኖ መሃል ላይ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ጊዜ አይጠፋም፤ የተከበበው ቃል ያን ጊዜ ይመጣል።

አሁን ሦስቱን ሙከራዎችሽን በዚህ ዓይን እንያቸው።

በመጀመሪያው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀመርሽ። አትፈሪ፣ እኔ ከአንቺ የባስኩ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ሥራዬ ስፈተን የእህት ወንድሞቼን ብዛት፣ በስምንተኛ ክፍል የተሸለምኩትን መዝገበ ቃላት ሳይቀር ደረደርኩ። ከጠያቂዎቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። መነጽሩ ጠርቶ ተመልሶ ዓይኑ ላይ ሲወጣ እኔ ገና ሁለተኛ ደረጃ አልገባሁም ነበር። ሥራውን አላገኘሁም። ለዓመታት ሰውየውን ያሰለቸው ርዝመቱ ይመስለኝ ነበር። በእሱ ቦታ መቀመጥ ስጀምር ነው ሌላው ችግሩ የገባኝ፤ ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ምኑን ይክበብ? መዝገበ ቃላቱን?

በሁለተኛው ያጠናሽው ጠፋብሽ፤ ስለ ማጥናት ኋላ እነግርሻለሁ። በሦስተኛው ስምሽንና የተመረቅሽበትን ብቻ ተናግረሽ ዝም አልሽ። ቁጥብነት ይመስላል፤ ግን ርዕስ የመምረጡን መብት ለእኛ መልሰሽ አስረከብሽን። እኛ ደግሞ የምንይዘው ነገር ስናጣ ወደ ሲቪው እንመለሳለን። ሲቪሽ ላይ ዓይን የሚያርፈው የት ነው? ባዶው ላይ። «ከዚህ እስከዚህ ድረስ ምን ይሠሩ ነበር?» ተብለሽ ከሆነ ጥያቄው የክፋት አልነበረም፤ ሌላ የምንይዘው ስላልሰጠሽን ነው።

ወደ 14 ወሩ እንመለስ። የሒሳብ ሰው ላልሆነ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ድርጅቱ በመዝገቡ የጻፈውና ባንኩ የላከው መግለጫ በየወሩ መጨረሻ ይገናዘባሉ። ተጽፎ ያልተመነዘረ ቼክ፣ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ፣ በስህተት ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝ አንድ በአንድ ተለቅሞ ልዩነቱ መብራራት አለበት። አንድ ወር ሲታለፍ የዚያ ወር ልዩነት በሚቀጥለው ላይ ይደረባል። 14 ወር ሲሆን ደግሞ ብዙ ሰው ያን ፋይል ከመክፈት ሌላ ማንኛውንም ሥራ ይመርጣል። አንቺ ከፍተሽ በአምስት ወር ዘጋሽው። ይህን የሰማ የፋይናንስ ኃላፊ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ ያደርጋል፤ ለምን ቢባል፣ በእሱም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ፋይል አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷልና።

ጉራ ነው ወይ? «እኔ በጣም ጥንቁቅና ታታሪ ነኝ» የሚለው ለጉራ ይቀርባል፤ ሰሚው የሚያጣራበት መንገድ የለውም፣ ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው ያለው። «14 ወር ያልታረቀ ሒሳብ ተረክቤ በአምስት ወር አጠናቀቅኩ» ሲባል ግን ቅጽል የለበትም። ቁጥርና ግስ ነው። ጠያቂው ከፈለገ የቀድሞ አለቃሽ ጋ ደውሎ ያረጋግጣል። የሚገርመኝ ብዙ ተፈታኞች ከጉራ ሸሽተው የሚጠለሉት እዚያው ቅጽሎቹ ውስጥ መሆኑ ነው፦ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጫና የሚቋቋም፣ በቡድን መሥራት የሚችል። በአንድ ቀን ስምንት ሰው ፈትነን ስምንቱም ታታሪ ሆነው ያገኘንበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ሌላም መጠለያ አለ፤ ይህኛውን ቋንቋችን ራሱ ያቀርብልናል። አማርኛ አድራጊውን መደበቅ ለፈለገ ሰው ምቹ ነው። «የወር መዝጊያ ይዘጋጃል፣ ደመወዝ ይሠራል፣ ሒሳብ ይታረቃል» እያለ የገዛ ሥራውን እንደ ዝናብ መዝነብ የሚተርክ ተፈታኝ ስንቱን አየሁ። አንዱ እንዲህ «ተደርጎ፣ ተጣርቶ፣ ተጠናቆ» ሲል ቆይቶ ባልደረባዬ በትሕትና «ይቅርታ፣ ያን ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀው። ለካ ሥራውን ብቻውን የሠራው እሱ ነበር! «እኛ» ማለትም የዚሁ ዘመድ ነው። «አስታረቅን» ስትይ ስንት እንደነበራችሁ፣ የአንቺ ድርሻ ምን እንደነበር አላውቅም። ካልደከመኝ እጠይቅሻለሁ፤ ስምንተኛዋ ተፈታኝ ከሆንሽ ግን ምናልባት አልጠይቅሽም። «ተረከብኩ፣ ለየሁ፣ አስታረቅኩ፣ አስረከብኩ» ማለትን ልመጂ። የረዳሽ ሰው ካለ ድርሻውን ስጪው፤ «ደረሰኞቹን ከማኅደር ያወጣልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ማገናዘቡን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት እውነት ነው፤ የአንቺንም ድርሻ ጥርት አድርጎ ያሳያል።

የሚነገረው ነገር ብቻ ሳይሆን የሚነገርበት ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት የአንድን ሰው ስድስት ባሕርያት ለሁለት ቡድኖች አሰማ። ለአንደኛው «ብልህ፣ ታታሪ፣ ችኩል፣ ተቺ፣ ግትር፣ ቀናተኛ» ብሎ፤ ለሌላው ያንኑ ዝርዝር ከኋላ ወደ ፊት። «ብልህ»ን አስቀድመው የሰሙት ሰውየውን ጉድለት ያለበት ነገር ግን ችሎታ ያለው አድርገው ገለጹት። «ቀናተኛ»ን አስቀድመው የሰሙት ደግሞ ጉድለቱ ችሎታውን የጋረደበት ሰው አድርገው ሳሉት። ቃላቱ ያው ስድስቱ ናቸው። አንቺም «ሁለት ዓመት ከሥራ ውጭ ነበርኩ» ብለሽ ጀምረሽ ወደ 14 ወሩ ብትሄጂ፣ ወይም ከ14 ወሩ ተነሥተሽ ወደ ሁለት ዓመቱ ብትመጪ፣ እኛ ፊት የምትቀመጠው ሴት አንድ አትሆንም።

በዚህ ተደናግጠሽ ግን «የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሰከንዶች ካመለጡኝ አበቃልኝ» እንዳትዪ። ወሬው በብዛት ይናፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና ከ600 በላይ እውነተኛ ቃለ መጠይቆችን የተከታተለ ጥናት አብዛኞቹ ጠያቂዎች ውሳኔያቸው ላይ የደረሱት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች በኋላ መሆኑን አሳይቷል። እኔ ራሴ መግቢያዋ ላይ የተንተባተበች፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ቀና ያደረገችንን ልጅ ቀጥሬ አውቃለሁ።

እንግዲህ በአንቺ ቦታ ሆኜ ልሞክረው። ዝርዝሩን አንቺ ታቃኚዋለሽ፤ ያልሆነውን እንዳትጨምሪበት።

«ስለ ጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ በተለይ የተወዘፈ ሒሳብ ማጥራት ላይ ሠርቻለሁ። በአንድ የንግድ ድርጅት ለአራት ዓመት ስሠራ፣ 14 ወር ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ ተረክቤ መደበኛ ሥራዬን ሳላቋርጥ በአምስት ወር አጠናቅቄዋለሁ። ከዚያ በኋላም ድርጅቱን እስክለቅ ድረስ በየወሩ በጊዜው አስታርቅ ነበር። ሥራውን የለቀቅኩት እናቴ ታማብኝ ነው፤ ሁለት ዓመት አስታመምኳት፣ አሁን ድናለች። የእናንተን ማስታወቂያ ሳነብ የበርካታ ቅርንጫፎችን ሒሳብ ማገናዘብ የሚለው ኃላፊነት ላይ ቆምኩ። ያመለከትኩትም ለእሱ ስል ነው፤ ከዚያ ከተወዘፈው ሒሳብ የተማርኩትን እዚህ ልሠራበት እፈልጋለሁ።»

አለቀ። ሰዓት ይዘሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ በረጋ አነጋገር ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይዘልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሪበት አልቃወምም፤ ሁለት ደቂቃ ግን ጣሪያሽ ይሁን።

ስምሽ የለበትም። ሰብሳቢው በስምሽ ጠርቶ ካስገባሽ መድገም አያስፈልግም፤ ካልጠራሽ መጀመሪያ ላይ ተናገሪው። የተመረቅሽበትም የለበትም፤ ሲቪው ላይ አለ፤ አራት ዓመት የሠራ ሰው ደግሞ በዲግሪው ሳይሆን በሥራው ይታወቃል። ገና የተመረቀ ሰው ቢጠይቀኝ ሌላ እመልስለት ነበር። ለእሱ የመመረቂያ ሥራው፣ ተግባራዊ ልምምዱ፣ በበጎ ፈቃድ የያዘው የማኅበር ሒሳብ የ14 ወሩን ቦታ ይይዛሉ፤ ሥራ የሚባለው ደመወዝ የተከፈለበት ብቻ አይደለምና።

«የተወዘፈ ሒሳብ ማጥራት» የሚለውን ሐረግ ያስቀመጥኩት እንዲከበብ ነው። ሊከበብ እንደሚችል ካወቅሽ ግን የሚከተለውንም ማወቅ አለብሽ። እኔ ብሆን «ከየት ጀመሩ?» እላለሁ። ከጥንቱ ወር ወይስ ከቅርቡ? ለምን? ትልቁ ልዩነት ምን ሆኖ ተገኘ? ለማን ነገርሽ? ሳይብራራ የቀረ ነገር አለ? ይህቺን የመጨረሻዋን በተለይ እወዳታለሁ። «ሁሉም ተብራርቷል» ከሚለኝ ይልቅ «ይህን ያህል ሳይገኝ ቀርቶ በኃላፊው ውሳኔ ተዘጋ» የሚለኝን ሰው አምናለሁ። ስለዚህ መግቢያሽን አንድ ሰዓት ከተዘጋጀሽበት ለእነዚህ ተከታይ ጥያቄዎች ሦስት ሰዓት ስጪ። ራስሽ የመረጥሽው ርዕስ ላይ መልስ ማጣት ዝም ከማለትም ይከፋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ዓመታት። ልትደብቂያቸው አትሞክሪ፤ ቀን ሲሰላ ይወጣሉ። «የግል ሥራ እሠራ ነበር» የሚል ማሟያም እንዳታበጂ፤ የግል ሥራሽን እንጠይቅሻለን። ያልነገርሽን ክፍተት ሁለተኛው ጥያቄ ይሆናል ብያለሁ፤ አስቀድመሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከዘጋሽው ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይመለስበትም። ሦስቱን ግሶች ተመልከቻቸው፦ ታመመች፣ አስታመምኳት፣ ድናለች። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ዋናው የመጨረሻው ነው። ጠያቂ በአፉ የማያወጣው በልቡ ግን የሚያሰላስለው «ነገ ደግሞ ትሄድብን ይሆን?» የሚለውን ነውና፤ «ድናለች» ሳይጠየቅ ይመልስለታል። የበሽታውን ስም፣ የሆስፒታሉን ምልልስ፣ «በሚያሳዝን አጋጣሚ» የሚል መቅድም አትጨምሪ። ይቅርታም አትጠይቂ፤ እናትን ማስታመም ጥፋት ሆኖ አያውቅም። ምናልባት አንዱ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሙያው አልራቀዎትም?» ይል ይሆናል፤ ለዚያ አንድ እውነተኛ መልስ ያዢ። ያነበብሽው አዲስ ደንብ፣ የወሰድሽው አጭር ሥልጠና፣ ለሰው የሠራሽው ሒሳብ ካለ ጥሩ። ከሌለ ቃለ መጠይቁ ገና በሚቀጥለው ወር ነው፤ ዛሬ ጀምሪ።

ያው ታሪክ ለሌላ ሥራ ሲሆን ሌላ ፊቱን ያዞራል። ለውስጥ ኦዲተርነት ብታመለክቺ ኖሮ ፍጥነቱን ትቼ ያገኘሻቸውን ስህተቶች አስቀድም ነበር፤ በሁለት ቁጥር የተመዘገበውን ክፍያ፣ እንዴት እንደ ደረስሽበት፣ ዳግመኛ እንዳይደርስ ምን እንደ ቀየርሽ። ለቡድን መሪነት ቢሆን ሥራውን ስትለቂ ለተኪሽ እንዴት እንዳስተማርሽ። ለዚህ ነው አንድ መግቢያ አጥንቶ አምስት ቦታ ይዞ መዞር የማያዋጣው። ማስታወቂያውን አውጪና ከዘረዘሯቸው ኃላፊነቶች ውስጥ የትኛው መጀመሪያ እንደተጻፈ፣ የትኛው ሁለት ጊዜ እንደተደጋገመ እዪ። ቸገረን የሚሉት እሱን ነው።

ስለ ማጥናት ቃል ገብቼልሽ ነበር። ሙሉውን ቃል በቃል ማጥናት አደገኛ ነው፤ አንዱ ቃል ሲወድቅ ቀጣዩን ይዞት ይወድቃል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት መሃል ላይ ሳለ በር ተንኳኩቶ ንግግሩ ተቋረጠ። በሩ ሲዘጋ ሰብሳቢው «ይቀጥሉ» አለው፤ ልጁ ግን ካቆመበት መቀጠል አቅቶት «ስሜ…» ብሎ እንደገና ከላይ ጀመረ። አሳዘነን፤ ሳቃችንንም ለመያዝ ተቸገርን። በቃል የሚያዘው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻው ብቻ ይሁን። የመጀመሪያው ድምፅሽን ያስነሣልሻል፤ የመጨረሻው የት እንደምታቆሚ ያሳይሻል። መሃሉን በሦስት ቃላት ያዢው፦ 14 ወር፣ እናቴ፣ ቅርንጫፎች። በየቀኑ በሌላ አነጋገር ተናገሪው፤ ዛሬ ያልሽው ከትናንቱ ቢለይ እሰየው። ከጠፋብሽ ደግሞ «ይቅርታ፣ ሐሳቤን ላሰባስብ» ብለሽ ትንፋሽ ውሰጂ። ለአንቺ አንድ ሙሉ ዘመን የሚመስልሽ ዝምታ እኛ ዘንድ አራት ሰከንድ ነው፤ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ እየጻፍን ነን።

ፍርሃቱን ለማጥፋት አትታገዪ። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰው ፊት ከመናገራቸው በፊት ለራሳቸው «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ አሳማኝና በራሳቸው የሚተማመኑ ሆነው ታይተዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ፈርቶም ሆነ ጓጉቶ ልብ ይመታል፤ የሚመታን ልብ «ተኝተሃል» ብሎ ከማሳመን «ጓጉተሃል» ማለት ይቀላል። እኔም ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ «ተረጋጋ» የሚለው ምክር ለምን እንዳልሠራልኝ ሳስብ ኖሬያለሁ፤ ለካ የሚያስፈልገኝ ተቃራኒው ኖሯል።

አጀማመርና አጨራረስ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ እዚያ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ሰው የሚሰናከለው። «እንግዲህ… ምን ልበላችሁ…» ብሎ መጀመር ሰሚውን ገና ያልተዘጋጀ ሰው ፊት እንደ ተቀመጠ ያሳስበዋል። አጨራረሱ ደግሞ ይብሳል። ጥሩ አድርጎ ሲናገር ቆይቶ ሲጨርስ ደንግጦ «በቃ… ይኸው ነው… ከዚህ ሌላ እንኳን ብዙም የለኝም» የሚል ሰው፣ የሠራውን ግድግዳ በትከሻው ገፍቶ ይጥላል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ተናገሪና አፍሽን ዝጊ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቢከብድም መሙላቱ የእኛ ድርሻ ነው። ዓይንሽን ጥያቄውን ያቀረበልሽ ሰው ላይ መልሰሽ ጠብቂ።

የጋብቻሽን ሁኔታ፣ የቤተሰብሽን ብዛት፣ የምትከተዪውን እምነት አንሺው ያለሽ የለም። ከተነሣ ርዕስ ይሆናል፤ ያ ርዕስ ደግሞ ወደ ሒሳብ አይመልስሽም። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ከሆነ የተጻፈ ነገር ስክሪኑ ላይ ከፍተሽ አታንብቢ፤ ዓይንሽ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ከማዶ ይታያል። ካሜራው አጠገብ ሦስቱን ቃላት በትንሽ ወረቀት ለጥፊ፣ ይበቃሻል።

ከቃለ መጠይቁ በፊት አንድ ፈተና ልስጥሽ። ሒሳብ የማታውቅ አንዲት ሴት፣ ቢቻል ሥራሽን በቅርብ የማታውቅ፣ ፊትሽ አስቀምጪና መግቢያሽን አሰሚያት። «ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ ደግ ሰው ሁሉ «ጥሩ ነው» ይልሻል። «ቀጥሎ ምን ልትጠይቂኝ ትፈልጊያለሽ?» በይና ጠብቂ። «14 ወር ሙሉ ማን ተወው?» ወይም «ከየት ጀመርሽው?» ካለችሽ ሂጂ፣ ተዘጋጅተሻል። «እናትሽን ምን አሟት ነበር?» ካለችሽ ሁለቱን ዓመታት አብዝተሽባቸዋል፤ አሳጥሪያቸው። ዝም ብላ ካየችሽ ደግሞ የሚከበብ ቃል አልሰጠሻትም ማለት ነውና፣ ቅጽሎቹን አውጥተሽ ቁጥሩን ወደ ፊት አምጪና እንደገና አሰሚያት።